ሹፌር ማለት መጀመሪያ እሳት አንዳጅ ነበር፦ ከባቡር እስከ ሊሴ ፓሴ፣ አፋችን ላይ የቀሩ የፈረንሳይ ቃላት

የዛሬው ረዘም ይላል፤ ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ቁጭ በሉ።

ሹፌር ማለት መኪና ነጂ ማለት አይደለም። ማለቴ መጀመሪያ አልነበረም። በፈረንሳይኛ «ሾፌ» ማለት ማሞቅ ነው። «ሾፈር» ደግሞ አሞቂ። በእንፋሎት ዘመን ከሰል እየወረወረ የባቡሩን ማሞቂያ ጋን የሚያነደው፣ ፊቱ በጥላሸት የጠቆረው ሰው ነበር ሾፈር የሚባለው። መኪና ሲመጣ ስሙ ወደ መኪናው ሰው ተሻገረ፤ ዛሬ ማንም የሚያነደው ከሰል የለም፣ ስሙ ግን ቀረ። እኛም እንዳለ ወሰድነው። መንግሥት «አሽከርካሪ» ብሎ መንጃ ፈቃድ ላይ ቢጽፍም ታክሲ ውስጥ «አሽከርካሪ፣ ወራጅ አለ!» የሚል ሰው እስካሁን አልሰማሁም።

ታሪክ አስተማሪ ነኝ፣ ቋንቋ አስተማሪ አይደለሁም። ግን እዚህ ድሬ ተቀምጦ የባቡርን ታሪክ የሚያስተምር ሰው ፈረንሳይኛ ካልቆነጠረ ነገሩ ግማሽ ይሆንበታል። ክፍል ውስጥ ስለ ምኒልክ ዘመን ስናገር ተማሪ የሚተኛበት ቦታ አለ። «ሹፌር፣ ለገሀር፣ ቴምብር፣ ቡፌ፣ ሚኒስቴር፣ ጋራዥ… እነዚህ ከየት መጡ?» ያልኳቸው ቀን ግን የሚተኛ የለም። ስለዚህ እዚህም ላካፍላችሁ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው፤ «ፈረንጅ» ራሱ የራሱ ታሪክ አለው፣ እመለስበታለሁ።)

ነገሩ የሚጀምረው ከሐዲዱ ነው። በ1894 አፄ ምኒልክ ለስዊሱ አልፍሬድ ኢልግ የባቡር መንገድ የመሥራት ፈቃድ ሰጡ። ከኢልግ ጋር ፈረንሳዊው ሌዮን ሸፍኔ ነበረ። ሥራው ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 መጨረሻ ላይ እዚህ ደረሰ። ወደ ሐረር እንዳይወጣ ተራራው ከበደ፤ ስለዚህ ሐዲዱ ቆላ ቆላውን ይዞ አለፈ፣ በረሃ ላይ ከተማ ተወለደ። ያኔ «አዲስ ሐረር» ሊሉን ነበር፤ ድሬዳዋ ግን ድሬዳዋ ሆና ቀረች። የመጀመሪያው ኩባንያ ገንዘብ አጠረውና ተንኮታኮተ፤ በ1908 የተቋቋመው የፍራንኮ ኢትዮጵያ ምድር ባቡር ኩባንያ ቀጠለና በ1917 አዲስ አበባ ገባ። በጠቅላላው 780 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ስፋቱ አንድ ሜትር የሆነ ሐዲድ።

የኩባንያው የሥራ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። ትእዛዙ፣ መዝገቡ፣ ቲኬቱ፣ ስድቡም ሳይቀር። የእኛ ሰው ደግሞ ቋንቋውን ትምህርት ቤት አልተማረውም፤ በሥራ ላይ፣ በጆሮው ነው የያዘው። ባቡሩን «ሸመንደፈር» አለው፤ «ሽመን ደ ፈር» ማለት ቃል በቃል «የብረት መንገድ» ነው። ዕቃ የሚጫንበትን ጋሪ «ፉርጎ» አለ፤ ከ«ፉርጎን» ነው፣ የጓዝ ማመላለሻ ማለት ነው። ልብ በሉ፣ ሁሉም ፈረንሳይኛ አይደለም። «ሐዲድ» ዓረብኛ ነው፣ ብረት ማለት ነው። «ባቡር» ደግሞ ከ«ቫፖር» ከእንፋሎት መጥቶ በዓረብና በቱርክ አፍ ዞሮ ነው የደረሰን። እንግዲህ አንድ ባቡር ላይ ስንት አገር እንደተሳፈረ አስቡት።

ወደ ለገሀር እንምጣ። «ጋር» ጣቢያ ነው፣ «ላ» ደግሞ መስተአምር ነው፣ እንግሊዝኛው «ዘ» እንደሚለው። «ላ ጋር» ሲሉ የሰማው አዲስ አበቤ አንድ ቃል አድርጎ ለገሀር አለው። የጣቢያው ሕንፃ የተመረቀው በ1929 ነው፣ ከፊቱም የይሁዳ አንበሳ ቆመለት። ዛሬ አሮጌው ባቡር የለም፤ የታክሲ ረዳት ግን «ለገሀር! ለገሀር!» እያለ ይጮኻል። ጣቢያው ቀርቶ ጥሪው ቀጠለ።

እዚህ ድሬ ለገሃሬ የምንለው ሰፈር አለን። ይሄ ስም ላይ ክርክር እንደማይጠፋ ታውቃላችሁ። ኦሮምኛ የሚናገር ሰው ሲሰማው ሌላ ነገር ነው የሚሰማው፤ «ለገ» ወንዝ ነው፣ እንደ ለገጣፎ፣ እንደ ለገዳዲ። «ሀሬ» ደግሞ አህያ። የአህያ ወንዝ። ትርጉሙ ሙሉ ነው፣ ምንም አይጎድለውም፤ ወንዙም አለ፣ አህያውም አለ። ተማሪዎቼ «ቲቸር የቱ ነው ትክክል?» ሲሉኝ የምመልሰው፣ የአዲስ አበባው ከፈረንሳዮቹ ጣቢያ መጣ፤ የእኛን ደግሞ ኦሮምኛ ተናጋሪው በራሱ ቋንቋ ሲፈታው ማንም ተነሥቶ «ተሳስተሃል» ሊለው አይችልም ነው። ሰው የሰማውን ስም የራሱ አድርጎ መፍታቱ ራሱ ታሪክ ነው። ፌስቡክ ላይ በዚህ ሲሰዳደቡ ሳይ ግን ይገርመኛል።

አንድ ደስ የሚል ነገር ልጨምር። «ጋር» የመጣው «ጋሬ» ከሚለው ግሥ ነው፤ ጀልባን ከመንገድ ገለል አድርጎ ማስጠጋት፣ ማቆም ማለት ነበር። «ጋራዥ» ከዚያው ግሥ ነው የወጣው። ስለዚህ ለገሀርና ጋራዥ እኅትና ወንድም ናቸው። አንዱ ባቡር ያቆማል፣ ሌላው መኪና። መኪናው ራሱ ግን ጣሊያን ነው፦ «መኪና» ብሎ ስሙ፣ ጎማው፣ ፍሬቻው፣ ኮፈኑ፣ ቸርኬው ሁሉ ከጣሊያንኛ ነው። መኪናው ጣሊያን፣ ሹፌሩ ፈረንሳይ፣ ጋራዡም ፈረንሳይ። ፖሊሱ ብቻ የኛ ነው እንዳትሉ፣ «ፖሊስ»ም ከነሱ ነው።

ከባቡር ወደ ቤተ መንግሥት እንሂድ።

የምኒልክን ዘመን ደብዳቤዎች ያነበበ ሰው «ሙሴ ኢልግ»፣ «ሙሴ ሸፍኔ» የሚል ያገኛል። መጀመሪያ ያያችሁት እንደሆነ «ነቢዩ ሙሴ እዚህ ምን ያደርጋል?» ማለታችሁ አይቀርም። «መስዩ» ነው፤ አቶ ማለት። የኛ ሰው ጆሮ «ሙሴ» አለው፣ የታወቀ ስም ስለነበረ ተመቸው። ቃሉን ስትገነጥሉት «ሞን» የኔ ነው፣ «ስዩር» ጌታ፤ «የኔ ጌታ» ማለት ነው። «ማዳም»ም እንዲሁ፦ «ማ» የኔ፣ «ዳም» እመቤት። እመቤቴ። እቺን ያዙልኝ፣ ቆይተን ቤይሩት እናገኛታለን።

በጥቅምት 1907 ምኒልክ የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ሾሙ። አባ መላ ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ የጦር ሚኒስትር ሆኑ። እዚህ ላይ የፈተና ወረቀት ሳርም በየዓመቱ ቀይ ቀለሜን የሚጨርስብኝ ነገር አለ፦ ሚኒስትርና ሚኒስቴር። ሚኒስትር ሰውየው ነው፣ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤቱ። «የትምህርት ሚኒስትሩ ተናገሩ» እንላለን፤ «ትምህርት ሚኒስቴር አስታወቀ» እንላለን። ይሄ ልዩነት ከየት መጣ? እንግሊዝኛው ሚኒስተር እና ሚኒስትሪ ነው፤ ከዚያ ወስደን ቢሆን ኖሮ «ሚኒስትሪ» እንል ነበር። ፈረንሳይኛው ግን ሰውየውን «ሚኒስትር»፣ ቤቱን «ሚኒስቴር» ይላል፣ ልክ እንደኛ። እንዲህ ብዬ ካስረዳኋቸው በኋላ የሚሳሳት ተማሪ ይቀንሳል፤ አይጠፋም፣ ይቀንሳል። የቴሌቪዥን ጽሑፍ የሚሠሩትንም ባገኛቸው ደስ ይለኛል።

ፈረንሳይ ለጋሲዮን ደግሞ አለ፣ አዲስ አበባ ያላችሁ በየቀኑ የምትሉት። «ሌጋሲዮን» ከኤምባሲ ዝቅ ያለ የዲፕሎማቲክ ሚሲዮን ነው፤ በድሮው ደንብ አምባሳደር የሚላከው በታላላቆቹ መንግሥታት መካከል ነበር፣ ለሌላው ሌጋሲዮን ይበቃዋል ይባል ነበር። ምኒልክ ለፈረንሳይ ሰፊ መሬት ሰጡ፤ የፈረንሳዩ ተወካይ ሌዮንስ ላጋርድም «የእንጦጦ ዱክ» የሚል ማዕረግ ተቀበለ። ዛሬ ያ ግቢ ኤምባሲ ከሆነ ስንት ዘመኑ፤ ሰፈሩ ግን አሁንም ለጋሲዮን ነው። ኤምባሲው አደገ፣ ታክሲው አላሳደገውም።

እንዲህ ስጽፍ ነገሩ ሁሉ ጨዋታ እንዳይመስል። በ1908 መጀመሪያ ላይ ፈረንሳይና ኢትዮጵያ አንድ ውል ተፈራረሙ፣ በፈራሚው በክሎቡኮቭስኪ ስም ነው የሚታወቀው። በዚያ ውል ፈረንሳውያን እዚህ አገር ሲከሰሱ እንደማንኛውም ሰው በአገሩ ዳኛ ብቻ የማይዳኙበት መብት አገኙ፣ ቆንስላቸው እጁን ያስገባል። ሌሎች የውጭ ሰዎችም በዚያ ቀዳዳ ገቡ። የድሬና የአዲስ አበባ ነጋዴ ከውጭ ሰው ጋር ሲካሰስ «ኮንሱል» የሚለው ቃል ምን ማለት እንደሆነ መዝገበ ቃላት አላስፈለገውም። ውጫሌን ሁላችሁም ታውቃላችሁ፣ አንቀጽ 17ን በጥያቄ አምጥቼባችኋለሁ። ክሎቡኮቭስኪን ግን መጽሐፉም ቶሎ ነው የሚያልፈው።

ትምህርት ቤትም ነበረ። በ1908 በተከፈተው የምኒልክ ትምህርት ቤት ፈረንሳይኛ ዋና ከሚባሉት ቋንቋዎች አንዱ ነበር፣ በ1925 በተከፈተው በተፈሪ መኮንን ደግሞ ከዚያም በላይ። ተፈሪ ራሳቸው ከልጅነታቸው ፈረንሳይኛ ተምረዋል። ያኔ የተማረ ማለት ፈረንሳይኛ የሚያውቅ ማለት ነበር። ከ1941 በኋላ እንግሊዞች ከንጉሡ ጋር ገቡና የትምህርቱ ቋንቋ እንግሊዝኛ ሆነ። በ1947 የተከፈተው ሊሴ ገብረ ማርያም ፈረንሳይኛውን ይዞ ቀጠለ፤ ሌላው አገር ግን ዞረ። ይህን መዞር ቃላት ላይ ማየት ትችላላችሁ። የቃሉ ጭራ «-ሲዮን» ከሆነ ብዙ ጊዜ የድሮ ነው፦ ሚሲዮን፣ ለጋሲዮን። «-ሽን» ከሆነ ከእንግሊዝኛ የመጣ አዲስ ነው፦ ኮሚሽን፣ ፌዴሬሽን፣ ኮርፖሬሽን። (ጣሊያንም «-ዚዮኔ» አለው፣ የመኪናችሁ ፍሪሲዮን ከዚያ ነው፤ ስለዚህ መካኒክ ጋ ሄዳችሁ ፈረንሳይኛ እያላችሁ እንዳትከራከሩ።) አያትህ «ሚሲዮን ተማርኩ» ይላል፣ አንተ «ሚሽን አለኝ» ትላለህ። መካከላችሁ አንድ ጦርነትና አንድ የትምህርት ፖሊሲ አለ።

ቤታችሁ ውስጥ ግቡ። ሳሎን ፈረንሳይኛ ነው። ሳሎኑ ውስጥ ብርጭቆው ተደርድሮ ለእንግዳ ብቻ የሚወርድበት ቡፌ አለ። ሠርግ ላይ ደግሞ «ቡፌው ተነሥቷል» ይባላል፣ ሰልፉ እስከ በር። ተማሪ ጠየቀኝ፦ ቁም ሳጥንና ምግብ እንዴት አንድ ስም ያዙ? በፈረንሳይኛም እንደዚሁ ነው። ቡፌ መጀመሪያ የዕቃ መደርደሪያው ነው፤ ከዚያ ላዩ ላይ የሚደረደረው ምግብ ስሙን ወሰደ፤ ቀጥሎ ባቡር ጣቢያ ውስጥ ያለው ምግብ ቤትም ቡፌ ተባለ። አዲስ አበባ «ቡፌ ደ ላ ጋር» ሲባል የጣቢያው ቡፌ ማለት ነው። ሦስቱንም ትርጉም ሳናውቅ አምጥተን በየቦታው አስቀምጠናቸዋል።

ቢሮ መጀመሪያ ጨርቅ ነበር ብል ታምኑኛላችሁ? «ቡር» የሚባል ሸካራ የሱፍ ጨርቅ ነበር፣ ጠረጴዛ ላይ የሚነጠፍ። ጨርቁ ጠረጴዛውን ሰየመ፣ ጠረጴዛው ክፍሉን፣ ክፍሉ መሥሪያ ቤቱን። «ትምህርት ቢሮ ሂድ» ስንባል ያን ሁሉ መንገድ ነው የምንሄደው፤ ደርሰን ደግሞ «ነገ ና»። ሬስቶራንት በፓሪስ መጀመሪያ ጉልበት የሚመልስ መረቅ ነበር፣ ለደከመ ሰው የሚሰጥ፤ «ሬስቶሬ» መመለስ፣ መጠገን ነው። ሆቴል ላይ ግን ተጠንቀቁ፣ በተለይ አውሮፓ ያላችሁ። ፈረንሳይ ውስጥ «ኦቴል ደ ቪል» የሚል ትልቅ ሕንፃ ካያችሁ አልጋ እንዳትጠይቁ፤ ማዘጋጃ ቤት ነው። «ኦቴል ዲዩ» ደግሞ ሆስፒታል። ቃሉ ድሮ ትልቅ ቤት ማለት ስለነበረ ነው።

ቴምብር። የመጀመሪያዎቹ የኢትዮጵያ ቴምብሮች በ1894 ፓሪስ ነው የታተሙት፣ ምኒልክና አንበሳ አለባቸው። በ1908 ዓለም አቀፉን የፖስታ ኅብረት ስንቀላቀል የኅብረቱ ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር (ዛሬም ነው)፤ ከዚያ በ1909 የወጡት ላይ ከአማርኛው ጋር «ፖስት ኤትዮፕየን» የሚል ፈረንሳይኛ ተጻፈ። እንግሊዝኛው «ስታምፕ» ኋላ መጥቶም አላሸነፈውም። ዛሬ ደብዳቤ የሚጽፍ የለም፤ ቴምብር ግን ውል ስትዋዋሉ፣ ውክልና ስትሰጡ ይጠበቅባችኋል፣ «የቴምብር ቀረጥ» የሚባል አዋጅ አለ። የቃሉ ሥር ደግሞ የግሪክ ከበሮ ነው፣ «ቲምፓኖን»። ከበሮው ደወል ሆነ፣ ደወሉ የጋሻና የጦር ቁር ምልክት፣ ምልክቱ ማኅተም። ሰነድ ላይ የምትለጥፏት ትንሽ ወረቀት የከበሮ የልጅ ልጅ ናት።

«ፈረንጅ» ብዬ ነበር። ይሄ ከባቡሩ ጋር አልመጣም፣ እጅግ ይቀድማል። ከፍራንኮች ነው፣ የመስቀል ጦርነት ጊዜ ዓረቦቹ ምዕራባዊውን ሁሉ «ኢፍራንጅ» ይሉት ነበር፤ በግዕዙም «አፍርንጅ» ሆኖ ገባ። «ፈረንሳይ»ም ከዚያው ከፍራንክ ነው። ገንዘቡም ፍራንክ፣ እዚህ ድሬ ከጅቡቲ ጋር የሚነግድ ሁሉ እስካሁን የሚቆጥረው። አራዳ ልጅ «ፍራንካ የለኝም» ሲልም አንድ የጀርመን ነገድ እየጠራ ነው፤ አይታወቀውም እንጂ።

አሁን በውጭ ላላችሁት። ማዳምን ያዙልኝ ብያችሁ ነበር። ፈረንሳይ ከአንደኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ሊባኖስን እስከ 1943 ስታስተዳድር ቃሉን ትታ ሄደች። ቤይሩት ቤት ሠራተኛ የሆኑ እኅቶቻችን አሠሪያቸውን ማዳም የሚሉት ከዚያ ነው። አንዳንዶቹ ደግሞ «ማዳሜ» ይሏታል፣ የአማርኛውን «-ኤ» ቀጥለው። የቃሉ መጀመሪያም መጨረሻም «የኔ» ሆነ፦ የኔ የኔ እመቤት። ፓስፖርቷን ቆልፋ የያዘችባትን ሴት ሁለት ጊዜ «የኔ» ብሎ መጥራት።

ፓስፖርት ካልኩ፣ ሊሴ ፓሴ። «ሌሴ» ተው፣ ፍቀድ፤ «ፓሴ» ማለፍ። «አሳልፉት» ማለት ነው፣ በቃ። እስራኤል ያላችሁም ታውቁታላችሁ፣ አዲስ ገቢ ፓስፖርት እስኪያገኝ የሚሰጠው ወረቀት እዚያም በዚሁ ስም ይጠራል። የተባበሩት መንግሥታት ባለሥልጣን የሚይዘው ሰማያዊ ደብተርም ስሙ ይኸው ነው። አንዱ በዚያ ስም ዓለምን ይዞራል፤ ሌላው በዚያው ስም ወደ ቤቱ ይመለሳል። በ2013 መጨረሻና በ2014 ከሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ሲመለስ ሊሴ ፓሴ የማያውቅ ቤተሰብ አልነበረም።

ባለፈው ዓመት አንድ ተማሪዬ የነበረ ልጅ ከዚያው በድምፅ መልእክት ላከልኝ። «ቲቸር፣ አንድ ደላላ ሊሴ ፓሴ ካወጣህ በእሱ ወደ ሌላ አገር አሻግርሃለሁ ይለኛል፣ ገንዘብም ጠይቆኛል። ቃሉ ማለፍ ነው አይደል? አንተ አስተምረኸን የለ እንዴ?» አለኝ። ማስተማሬን ማስታወሱ ደስ አለኝ፣ ቀጥሎ ደነገጥኩ። ደላላው የቃሉን ትርጉም ነበር የሚሸጥለት። ደወልኩለት። «አዎ ማለፍ ነው፤ ግን ኤምባሲያችን ለአንተ የሚሰጥህ ወደ አገርህ ብቻ የምታልፍበት ነው፣ የአንድ ጊዜ ነው፣ ቪዛ የሚመታበት ፓስፖርት አይደለም። ለደላላው ሳንቲም እንዳትሰጥ፣ ኤምባሲው ሄደህ ራስህ ጠይቅ» አልኩት። ቤተሰቡ በግ ሸጦ ሊልክለት እየተዘጋጀ ነበር። አልላኩም። ልጁ ገብቷል፣ ድሬ ነው ያለው፣ ባጃጅ ይነዳል። እናንተም እንደዚህ የሚላችሁ ካለ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን እንጂ ስሙን አትመኑ።

አንድ የመጨረሻ ነገር አለኝ፣ ጥያቄ ነው። በ2016 የተመረቀው አዲሱ ባቡር ከለገሀርም ከእኛ ጣቢያም ርቆ ነው የሚቆመው፣ ቋንቋውም ሌላ ነው። አሮጌው ሸመንደፈር ላይ የሠሩት ሰዎች ግን ገና አሉን፤ ከዚራ ዛፉ ሥር ተቀምጠው ሲጨዋወቱ ግማሹን ፈረንሳይኛ ቀላቅለው ነው። የመሣሪያውን፣ የብሎኑን፣ የፍሬኑን ስም፣ አለቃው ሲቆጣ ምን እንደሚል፣ ኮንትሮባንድ ፈታሽ ሲመጣ ከፉርጎ ወደ ፉርጎ በምን ቃል እንደሚጠቋቆሙ ያውቃሉ። የኩባንያው ወረቀትም በፈረንሳይኛ ነው፤ ሰዎቹ ካለፉ በኋላ ወረቀቱን የሚያነብ ቢገኝ እንኳ እነዚያ ቃላት በድሬ አፍ ምን ማለት እንደነበሩ የሚነግረው አይኖርም። አባቱ፣ አያቱ ወይም ጎረቤቱ ምድር ባቡር የሠራ ያላችሁ ቁጭ ብላችሁ ቅዱልኝ፣ በስልክ ይበቃል፣ አምስት ቃልም ቢሆን። ስማቸውን ካልፈለጉ አትጻፉ። ቃሉን፣ ምን ለማለት እንደሚጠቀሙበትና በየትኛው ጣቢያ እንደሠሩ ብቻ ንገሩኝ። የአዋሽ፣ የአዳማ፣ የደወሌ ልጆችም ኑ። እኔ በደብተር እየያዝኩ ነው፣ እስካሁን አርባ ሦስት ደርሻለሁ።